የጋራ ዕቅድ ረቂቅ፦ አርክቴክቸር ተምረን ከዲዛይን ውጭ የምንሠራው (ደሴና ኮምቦልቻ)

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። የዲዛይን ሥራ ያጡ ጀማሪ የማኅበሩ አባላት በሦስት ሥራ ይግቡ ነው የተባለው፤ ለተቋራጮች የብዛት ልኬትና የክፍያ ሰነድ፣ የኩሽና ካቢኔ ወርክሾፕ፣ የነባር ቤቶች ልኬት ሥዕል። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ገንዘብ ለሦስቱም አይበቃም፤ የቱ ይቅደም? አባሪው ላይ የልኬት ናሙና አለ፦ ባለ 20 ብሎኬት (20 ሴንቲ ውፍረት ያለው)፣ 180 ካሬ ግድግዳ፣ በካሬ 12.5 ፍሬ፣ በድምሩ 2250 ፍሬ።

ቦርከና፦ ካቢኔው ይቅደም። የታችኛው ካቢኔ ጥልቀት 61 ሴንቲ የተባለው ግን ይስተካከል። ኤምዲኤፉ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀው ጣውላ) 122 በ244 ሴንቲ ነው የሚመጣው። የተጎዳውን ጠርዝ ከሁለቱም ጎን ግማሽ ግማሽ ሴንቲ ስታነሡለት 121 ይቀራል፤ መጋዙ ደግሞ 3 ሚሊ ይበላል። በ60 ሁለት ይወጣል፣ በ61 አንድ ብቻ። 58 ያዙና ተገላገሉ። ከማጠቢያው ሥር የሚገባው 10 ሴንቲ የፕላስቲክ እግር ላይ ይቁም። ኤምዲኤፍ በጠርዙ ውኃ ጠጥቶ ካበጠ አበጠ ነው።

ጦሳ፦ 12.5 ከየት መጣ? 13 ነው። ደሴ ውስጥ ፎርማን ሁሉ 13 ብሎ ነው የሚያዘው። 90 ብሎኬት አጉድላችሁ ነው ተቋራጭ ፊት የምትቀርቡት?

ገራዶ፦ 12.5 ማለት 1 ካሬ ለብሎኬቱ ፊት፣ ለ0.40 በ0.20፣ ሲካፈል ነው፤ መጋጠሚያው አልታሰበም። 1 ሴንቲ መጋጠሚያ ጨምረህ በ0.41 በ0.21 ብታካፍለው 11.6 ነው። ስለዚህ 12.5 ራሱ 8 በመቶ ገደማ ብክነት ይዟል። 13 ስትል በላዩ ሌላ ብክነት እየጫንክ ነው።

ጦሳ፦ ወረቀት ላይ ነዋ። ከኮምቦልቻ ተጭኖ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ የወጣ ብሎኬት ስንቱ ጥጉ ሳይረግፍ ይደርሳል? በቅጡ ውኃ ሳይጠጣ በሦስተኛ ቀኑ የተጫነው እኮ ገና ሲወርድ ነው የሚፈርሰው። በር ዳር ግማሽ፣ አርክትራቭ (የበርና መስኮት አናት ጨረር) ሥር ቁራጭ፤ እሱስ ከየት ይመጣል?

ገራዶ፦ ውኃ ያልጠጣው የአምራቹ ጥፋት ነው። የእሱን ጥፋት የእኛ ሰነድ ውስጥ አትቅበረው።

ወልዲያ፦ ኧረ ተዉ። ቢኦኪው (የሥራ ብዛትና ዋጋ ዝርዝሩ) ላይ ግድግዳ በካሬ እንጂ በፍሬ አይከፈልም፤ ብክነቱ ነጠላ ዋጋው ትንተና ውስጥ ነው የሚገባው። ይልቅ 180ው በርና መስኮት ተቀንሶለታል?

ጦሳ፦ ነጠላ ዋጋው ውስጥ የሚገባውም 13 ነው።

ገራዶ፦ ባለፈው ሥራ ትርፍ ብሎኬት ግቢው ውስጥ ተከምሮ የቀረው ለዚሁ ነው።

ጦሳ፦ ወላሂ ከዚህ ማኅበር እወጣለሁ! ያንን ሥራ ማን እንደለካው ጸሐፊው ያውቃል።

ጸሐፊ፦ ሁለታችሁም ብሎኬቱን አስቀምጡት። ለካቢኔው የሚያስፈልገው ፓኔል ሶው (የጣውላ መቁረጫ ማሽን) አብዛኛው ያለ ሦስት ፌዝ መብራት አይነሣም። የሦስት ፌዝ ቆጣሪው ስንት እንደሚያወጣና በስንት ጊዜ እንደሚገባ ማን ያጣራል?

ባቲ፦ እኔ። ነገ መብራት ኃይል እሄዳለሁ፣ ዓርብ እጽፋለሁ።

ሐይቅ፦ ልኬት ሥዕሉንስ ማን ያንሣው? በትንሽ ገንዘብ የሚጀመረው እሱ ነው፤ ሜትር፣ ካሜራና ሰሌዳ ይበቃዋል። በየክፍሉ ከአራቱ ጎን ሌላ ሁለቱንም ሰያፍ ለኩ። ያለ ሰያፍ የአሮጌ ቤት ማዕዘን ሁሉ 90 ይመስላችሁና ሥዕሉ መጨረሻ ላይ አይገጥምም። የላስታው ክብ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት ደግሞ በሰያፍ አይያዝም። መሐሉ ላይ ችንካር ተክላችሁ በየ30 ዲግሪው እስከ ግድግዳው ትለካላችሁ፤ ምድር ቤቱን ለብቻ፣ ፎቁን ለብቻ፣ የግድግዳውን ውፍረት በበሩ በኩል። ፎቶው ከጎኑ ካለው ጋር ቢያንስ 60 በመቶ ይደራረብ። ላሊበላ ላይ ያለ ፈቃድ ድሮን እንዳታስቡ። ረቂቁ የማይለው አንድ ነገር፦ ከፋዩ ማን ነው?

ጦሳ፦ ክቡ ቤትስ በ12.5 ነው የሚቆጠረው?

ገራዶ፦ ድንጋይ ነው እኮ ጋሼ። በኪዩብ ነው።

ጦሳ፦ አውቃለሁ። ልጠይቅህ ብዬ ነው።

ቦርከና፦ እንግዲያው ሁለቱንም እንጻፍ። የተጣራው 11.6፤ ብክነት ለብቻው፣ ለቅርብ 5 በመቶ፣ ለሩቅ 10።

ጦሳ፦ «ሐረጎን ለሚወጣ» ተብሎ ከተጻፈ እስማማለሁ። 10 በመቶው 12.8 ይመጣል፤ ያው 13 ማለት ነው።

ገራዶ፦ 12.76። ይሁን ግን። ልስንም ይግባበት፤ 2 ሴንቲ ውፍረት በካሬ 0.02 ኪዩብ እርጥብ ነው። ሲሚንቶና አሸዋው ሲቦካ ስለሚሰበሰብ ደረቁ ሲሦ ያህል ይጨመርበት። ይህን የሚረሳ ሁልጊዜ ሲሚንቶ መሐል ላይ ያልቅበታል።

ወልዲያ፦ ሴራሚክም። ሰያፍ ለሚነጠፍ ወለል ብክነቱ ከቀጥታው ይበልጣል፤ ለየብቻ ይግባ።

ጸሐፊ፦ ይህማ ጥሩ ሠንጠረዥ ወጣው። በሣጥኑ ገንዘብ አሳትመን ለተቋራጭና ለፎርማን ብንሸጠውስ?

ጦሳ፦ እደግፋለሁ።

ገራዶ፦ እኔም።

ቦርከና፦ ካቢኔውስ? ባቲ ዓርብ ያለው አልፎ ሌላ ዓርብ መጣ።

ሐይቅ፦ ሠንጠረዥ ተሸጦ ስንት ጀማሪ ሥራ ይገባል?

ጦሳ፦ ላሚኔት ይደረግ። ኤ4 ግን ትልቅ ነው፣ ፎርማን ኪስ አይገባም።

ገራዶ፦ ኤ5 ላይ ነጥቧ አትታይም። 11.6 116 ተብሎ ይነበባል።

ጦሳ፦ 13 ብትጽፉ ኖሮ ነጥብ አያስፈልግም ነበር።