በ500 ዶላር የመጀመሪያ ኪቦርድና ስፒከር፦ የቱ ከአሜሪካ ይምጣ፣ የቱ ከዚህ ይገዛ?

እህት ከባሕር ዳር፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የመጀመሪያ ኪቦርዴን ልገዛ ነው። ስፒከሩን ጨምሮ 500 ዶላር የሚሆን ብር አለኝ። ወንድሜ በሚቀጥለው ወር ከሜሪላንድ ስለሚመጣ ከዚያ ማስላክ ይቻላል፤ ካልሆነም ከመርካቶ።

ሥራው ሁለት ነው። በአዘቦት ቀን ቤት ውስጥ መለማመጃ፣ ቅዳሜ ደግሞ የኳየር ልምምድ። አዳራሹ 6 በ8 ሜትር ቢሆን ነው፣ 30 ሰው ገደማ ይዘምራል። መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል።

ያሰብኳቸው ካሲዮ ሲቲ-ኤስ300፣ ያማሃ ፒኤስአር-ኢ373፣ ፒኤስአር-ኢ473 እና ያገለገለ ኮርግ ማይክሮኮርግ ናቸው። ሻጩ “ትክክለኛው ሲንተሳይዘር ማይክሮኮርግ ነው” ይላል። 61 ቁልፍ ይበቃኛል? “3000 ዋት” የሚል ትልቅ የብሉቱዝ ስፒከርስ አዳራሹን ይችላል? የክራርና የማሲንቆ ድምፅ የማገኝበት መንገድ ካለም ንገሩኝ።

የድምፅ ሰው፦

እህቴ፣ ማይክሮኮርጉን ከወዲሁ ከዝርዝርሽ አውጪው። ጎበዝ መሣሪያ ነው፣ ግን ለዚህ ሥራ አይደለም። ቁልፎቹ 37 ብቻ፣ እነሱም ትንንሽ ናቸው። በአንድ ጊዜ ከ4 በላይ ድምፅ አያወጣም፤ በግራ እጅሽ ሦስት ኖታ ይዘሽ በቀኝሽ ሁለት ስትጨምሪ አንዱ ይቆረጣል። የራሱ ስፒከር የለውም፣ ሪትምም የለውም። የድምፅ ቅርፅ ከባዶ መሥራት ለሚፈልግ ሰው ነው የተሠራው።

61 ቁልፍ ማለት አምስት ኦክታቭ ነው፤ ለኳየር አጃቢ ይተርፋል። የክላሲካል ፒያኖ ትምህርት ከሆነ ሐሳብሽ 88 ባለ ክብደት ቁልፍ ያስፈልጋል፣ ግን ያ ከ10 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ከበጀትሽም ይወጣል።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የድምፅ ብዛት አያታልልሽ። 400ም ሆነ 800 ቢኖር፣ የኳየር ሰው ደጋግሞ የሚነካው ከአሥር አይበልጥም። የምታዪው ሌላ ነው። አንደኛ፣ ቁልፉ የጣትሽን ኃይል መለየት አለበት፤ ቀስ ስትይ ቀስ፣ ስትመቺው ከፍ። የያማሃ ፒኤስአር-ኤፍ ተከታታይና ኢ273 ይህ የላቸውም፣ በርካሽ ቢቀርቡልሽም እለፊያቸው። በእነሱ የለመደ ጣት በኋላ ጥሩ ፒያኖ ላይ ሲቀመጥ ሁሉንም በአንድ ኃይል ይደበድባል። ሁለተኛ ፒች ቤንድ (ቃናውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንሸራትት መዘውር)፣ ሦስተኛ የድምፅ መውጫ ጃኩ ዓይነት፣ አራተኛ ዩኤስቢው ምን እንደሚያስተላልፍ።

በዚህ ሚዛን ሦስቱን ብናያቸው፣ ሲቲ-ኤስ300 ፒች ቤንድ አለው፣ 3.3 ኪሎ ብቻ ነው። መውጫው ግን ባለ 3.5 ሚሊ የሄድፎን ቀዳዳ ብቻ ነው፣ ዩኤስቢውም ሚዲ (የትኛው ቁልፍ መቼ እንደተነካ የሚናገር መልእክት) እንጂ ድምፅ አያስተላልፍም። ኢ373 ተቃራኒው ነው፦ ፒች ቤንድ የለውም፣ ነገር ግን በአንድ የዩኤስቢ ገመድ ድምፁን ራሱን ወደ ላፕቶፕ ያስገባል፤ ለመቅዳት ሌላ ዕቃ አትገዢም። ሁለቱም ፖሊፎኒያቸው፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚያወጡት የኖታ ብዛት፣ 48 ነው። 48 ብዙ ይመስላል፣ ግን ሪትሙና ፔዳሉ የያዘው ሁሉ ከዚያው ላይ ነው የሚበላው። ኢ473 ፒች ቤንድም፣ ለብቻ የግራና የቀኝ መውጫም፣ የማይክ መግቢያም አለው፣ ፖሊፎኒው 64 ነው። ዋጋው ግን የስፒከሩን ገንዘብ ይነካል።

እኔ ብሆን ከ500ው 250 ገደማ ለኪቦርዱ፣ 200 ለስፒከሩ፣ 50 ለስታንድ፣ ለፔዳልና ለኬብል እመድብ ነበር። በዚህ ልክ ኢ373 ወይም ሲቲ-ኤስ300 ይገባል። መቅዳት ካሰብሽ ኢ373፤ የማሲንቆ ዓይነት ስብራት መጫወት ከወደድሽ ካሲዮው። ፔዳሉን ስትገዢ ዋልታ መቀየሪያ ማብሪያ ያለውን ምረጪ፤ አንዱ ፋብሪካ የሠራው ሌላው ላይ ሲሰካ ተገልብጦ ሊሠራ ይችላል፣ እግርሽን ስታነሺ ድምፁ ይዘልቃል፣ ስትረግጪው ይቆረጣል።

ሽቦ አጣማሪ፦

የኪቦርዱን ምርጫ ከላይ ያለው ወንድም ጨርሶታል። እኔ የርዕስሽን ጥያቄ ልያዝ። በአዳፕተር የሚሠራ ዕቃ ከአሜሪካ ይምጣ፤ ከሶኬት በቀጥታ መብራት የሚወስድ ዕቃ እዚሁ ይገዛ።

ምክንያቱ ቮልቴጅ ነው። እነሱ 120 ቮልት፣ እኛ 220። ኪቦርዱ ራሱ የሚፈልገው አዳፕተሩ የሚሰጠውን ብቻ ነው፦ ኢ373 12 ቮልት፣ ሲቲ-ኤስ300 9.5 ቮልት። ስለዚህ የአዳፕተሩን ጀርባ አንብቢ። “100-240” ካለ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃል። “120” ብቻ ካለ እኛ ሶኬት ላይ በሰከንዶች ይቃጠላል፤ እዚህ ሌላ ግዢ። ቮልቱ እኩል መሆን አለበት፣ አምፒሩ ቢበልጥ ችግር የለውም፣ ካነሰ ግን ኪቦርዱ ድምፅ ሲበዛበት ይጠፋል። ዋልታውንም እዪ። ያማሃ መሐሉ ፕላስ ነው፣ ሮላንድና የድሮ ካሲዮዎች ደግሞ መሐላቸው ማይነስ ነው። ጫፉ ስለገባ ብቻ ልክ ነው ማለት አይደለም።

ሻንጣ ውስጥ ግን አይገባም። ኢ373 ርዝመቱ 94.5 ሴንቲ ነው፣ ትልቁ ሻንጣ እንኳ አይዘውም። በራሱ ካርቶን እንደ አንድ ሻንጣ ይቆጠርና ይጫን። አብዛኛው አየር መንገድ ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ ተደምሮ 158 ሴንቲ ይፈቅዳል፣ ስለዚህ ወንድምሽ ካርቶኑን አስቀድሞ ይለካው። ጫፍና ጫፉ ላይ ስፖንጅ ይጨመርበት፤ ሲወድቅ የሚሰበረው የዳር ቁልፍ ነው።

ወደ ስፒከሩ ስንመጣ “3000 ዋት” የሚለው ፒኤምፒኦ ነው፣ ማለትም የማስታወቂያ ቁጥር። አርኤምኤሱን፣ ማለትም ሳያቋርጥ የሚሰጠውን እውነተኛ ዋት፣ ጠይቂ፤ ሻጩ ካላወቀ ጀርባው ላይ ያለውን የመብራት ፍጆታ አንብቢ። 60 ዋት ከሶኬት የሚወስድ ዕቃ 3000 ዋት ድምፅ ከየት ያመጣል? ብሉቱዙን ደግሞ ለመጫወት እርሺው። ድምፁ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል፣ ቁልፉን ከነካሽ በኋላ ነው የሚሰማሽ፣ ኳየሩም ወደኋላ ይጎተታል። በኬብል ከሆነ ይሠራል።

ቤት ውስጥ የኪቦርዱ የራሱ ስፒከርና ሄድፎን ይበቁሻል፤ ገንዘቡን በሙሉ ለአዳራሹ አውዪው። ለጠረጴዛ የሚሸጡ ባለ 3.5 ኢንች የስቱዲዮ ሞኒተሮች ለቀረጻ ደህና ናቸው፣ 30 ሰው ሲዘምር ግን አይሰሙም፣ ብታስጮኺያቸው ኮናቸው (ድምፁን የሚገፋው ሽፋን) ሊቀደድ ይችላል። ለ6 በ8 ሜትር ባለ 10 ኢንች፣ ከ45 እስከ 100 ዋት አርኤምኤስ ያለው የኪቦርድ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ወይም አምፕ ያለው ሞንታርቦ ፈልጊ። ቤሪንገር ኬ450ኤፍኤክስን የመሰለ፣ 45 ዋት፣ ባለ 10 ኢንች፣ ሦስት ቻናል ያለው ማለቴ ነው፤ ማይክም አብሮ ይሰካበታል። የጊታር አምፕ ርካሽ ቢያገኙልሽም አትውሰጂ። ከፍተኛውን ድምፅ ይቆርጣል፣ የኪቦርዱ ቤዝ ደግሞ ኮኑን ይጎዳዋል።

መብራት ሲጠፋ ኪቦርዱ በስድስት ጣት ባትሪ ይቀጥላል። የሚሞላ ባትሪ ከሆነ ኢ373 ላይ የባትሪውን ዓይነት ከሜኑው ቀይሪ፣ አለዚያ የቀረውን ኃይል በትክክል አያሳይም። መብራቱ ሲመለስ ከፍ ብሎ ስለሚመጣ ሲጠፋ ወዲያው ከዲቫይደሩ ንቀዪ። ሞንታርቦው መጨረሻ ይበራል፣ መጀመሪያ ይጠፋል።

ክራር ወዳድ፦

አንድ ነገር ላይ አልስማማም። ያገለገለ ኢ473 በደህና ዋጋ ከተገኘ ስፒከሩን ሁለት ወር ማቆየት ይሻላል። ስፒከር ከሰው ይዋሳሉ፣ ፒች ቤንድና ፍላሽ የሌለው ኪቦርድ ግን ያው እንደሆነ ይቀራል። ኢ473 የስታይል (የአጃቢ ሪትም) ፋይል ከፍላሽ ያነባል፣ ስለዚህ በእጅ ለእጅ የሚዞሩትን የቺክቺካ 6/8 ሪትሞች ማስገባት ይቻላል። ስታይሉ የሚይዘው ግን ትእዛዙን ብቻ ነው፣ ድምፁን አይደለም። ሠሪው የራሱን ከበሮ ሳምፕል (የተቀዳ ድምፅ) ተጠቅሞ ከሆነ አንቺ ጋ ሲመጣ በሌላ ድምፅ ተተክቶ ይጮኻል፤ ፋይሉ የተበላሸ መስሎሽ እንዳትጥዪው።

ክራርና ማሲንቆ ከጠቀስሻቸው በአንዱም ውስጥ ተሠርተው አይመጡም። ለጊዜው ክራርን በናይለን ጊታር፣ ማሲንቆን በፊድል ወይም በነጠላ ቫዮሊን ትተኪያለሽ፤ ቫዮሊኑ ላይ ኮርድ አትያዢ፣ አንድ አንድ ኖታ እየተከተልሽ ቤንዱን በሁለት ሴሚቶን ወስነሽ ተጫወቺ። ላፕቶፕ ካለሽ ደግሞ እንደ ዲሴንት ሳምፕለር ያለ ነፃ ፕሮግራም ላይ የተቀዳ ሳምፕል ጭነሽ በዩኤስቢ መጫወት ይቻላል። ኢ373ን ከዊንዶውስ ጋር ስታገናኚ የያማሃ ስታይንበርግ ድራይቨር ጫኚ፣ በፈሩን (ላፕቶፑ ድምፁን የሚያጠራቅምበትን መጠን) 128 ላይ አድርጊው፤ በፈሩ ብቻ 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ያዘገያል። ላፕቶፑ ደካማ ሆኖ ከተንኳኳ 256። ኪቦርዱ ላይ ሎካል ኮንትሮልን (ቁልፉ የኪቦርዱን የራሱን ድምፅ እንዲያወጣ የሚያደርገውን) አጥፊ፣ ካልሆነ ፒያኖውና ክራሩ አንድ ላይ ይወጣሉ።

ቅኝቶቹን ለመጀመር ያህል፣ ከዶ ተነስተሽ፦ ትዝታ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። ባቲ ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። አንቺ ሆዬ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። ትራንስፖዝ (ቃናውን በሙሉ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ቅንብር) ላይ ተደግፎ ሁሉንም ከዶ መጫወት ቀላል ነው፣ ግን ኳየሩ በትራንስፖዝ ካልሆነ መጫወት የማይችል አጃቢ ይዞ ይቀራል።

እህት ከባሕር ዳር፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኢ373 ላይ ወስኛለሁ፣ ሞንታርቦውን ከዚህ እገዛለሁ። አንድ ያልገባኝ፦ የኳየሩ ሚክሰር ላይ የጓደኛዬን ኢ373 ስንሰካ ድምፁ ቀጭንና ባዶ ይሆናል፣ ፒያኖው የጠፋ ይመስላል፣ ኤኮው ብቻ ይሰማል። ሄድፎን ላይ ግን ደህና ነው። ጃኩ ተበላሽቶ ነው?

ሽቦ አጣማሪ፦

ጃኩ ደህና ነው፣ ጥፋቱ የኬብሉ ነው። ኢ373 ያለው አንድ ባለ 6.35 ስቴሪዮ መውጫ ነው፤ ጫፉ የግራ፣ መሐለኛው ቀለበት የቀኝ ድምፅ ይይዛል። በሁለቱም ጫፉ ባለ ሁለት ጥቁር መስመር ጃክ ያለውን ኬብል ወስዳችሁ የሚክሰሩ አንድ ቻናል ላይ ሰክታችኋል። ያ ቻናል ደግሞ ሁለቱን ሽቦ እንደ ባላንስድ ነው የሚያየው፦ አንዱን ከሌላው ይቀንሳል። በግራም በቀኝም እኩል ያለው፣ ማለትም ፒያኖው መሐሉ፣ ተጣፍቶ ዜሮ ይሆናል። የሚተርፈው ልዩነቱ ብቻ ነው፣ እሱም ኤኮው።

መፍትሔው ዋይ ኬብል ነው። በአንድ በኩል ባለ ሁለት መስመር ስቴሪዮ ጃክ፣ በሌላ በኩል ባለ አንድ መስመር ሁለት ሞኖ ጃክ። ሁለቱን በሁለት የላይን ቻናል ስኩ፣ አንዱን ፓን ወደ ግራ አንዱን ወደ ቀኝ። ቻናል ከጠበበ የግራውን ብቻ ሰክተሽ የቀኙን ተንጠልጥሎ ተዪው፣ ብረት እንዳይነካ ግን ጠቅልዪው። ተራ ሞኖ ኬብል ኪቦርዱ ላይ በቀጥታ አትሰኪ፤ የቀኙን ከመሬት ሽቦ ጋር ያገናኘዋል።

የኪቦርዱን ቮልዩም ሦስት አራተኛ ላይ አቁሚና የቀረውን ከሚክሰሩ ጌይን ውሰጂ። ኪቦርዱ ዝቅ ብሎ ሚክሰሩ ከተጨመቀ የሚጨምረው ሽውታው ነው። ላፕቶፕም አብሮ ተሰክቶ ወፍራም ጉምጉምታ ከመጣ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀዪ፤ ከጠፋ መንስኤው እሱ ነው።

የድምፅ ሰው፦

ያገለገለ ከሆነ የምትገዢው፣ ከመክፈልሽ በፊት ፒያኖ ድምፅ ላይ አድርገሽ 61ዱንም ቁልፍ አንድ በአንድ፣ መጀመሪያ በስሱ ከዚያ በኃይል ተጫኚ። በስሱ ነክተሽው የሚጮህ ወይም ሁለቴ የሚመታ ካለ ከሥሩ ያለው የጎማ ኮንታክት ቆሽሿል። ተፈትቶ በአልኮል ይጸዳል፣ ግን ዋጋውን ለመቀነስ ተጠቀሚበት። የባትሪውን ሳጥን ክፈቺ፤ ስፕሪንጉ ላይ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ካለ ባትሪ ፈስሶበታል። የአዳፕተሩን ጫፍ ትንሽ ወዝውዢ፣ የሚጠፋ ከሆነ ቀዳዳው ለቋል። ትራንስፖዙ ዜሮ መሆኑንም እዪ፣ አንዳንዱ “ቃናው ተበላሽቷል” ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው እሱ ብቻ ተነክቶ ነው። ያማሃው ላይ የመጨረሻውን የቀኝ ነጭ ቁልፍ ይዘሽ ስታበሪው ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመለሳል። በራሱ ጊዜ በየግማሽ ሰዓቱ የሚጠፋ ከሆነም ብልሽት አይደለም፤ የመጀመሪያውን የግራ ቁልፍ ይዘሽ አብሪው፣ ከዚያ በኋላ አያቋርጥሽም።