አስቸኳይ፦ «ገዢው አልከፈለም» ተብዬ ተቀጣሁ፤ ይግባኙ ነገ ይዘጋል

ሌንስ ፈላጊ
እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። ባለፈው ሳምንት በኢንተርኔት ጨረታ አንድ አሮጌ የካሜራ ሌንስ አሸነፍኩ። ልከፍል ስል ገጹ እምቢ አለኝ፤ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ዛሬ ጠዋት ስገባ ሽያጩ ተሰርዟል፣ በአካውንቴም ላይ «ገዢው ባለመክፈሉ» የሚል ጥፋት ተመዝግቧል። አንዳንድ ጨረታዎች ላይ ዋጋ እንዳላቀርብም ታግጃለሁ። ገንዘቡ ግን ከሂሳቤ ተነስቷል! ከፍዬ ሳለ አልከፈልክም የሚሉኝ በምን ሕግ ነው? «ውሳኔውን ተቃወም» የሚል ቁልፍ አለ፤ የሚጻፍበት ሳጥን ትንሽ ነው። ምን ብዬ ልጻፍ?

ጥገና
የብራውዘርህን ኩኪና ካሽ አጥፋና እንደገና ሞክር።

ሌንስ ፈላጊ
ምኑን ነው የምሞክረው? ሽያጩ ተሰርዟል እያልኩ።

አንጋፋው
ልጄ፣ ቅር አይበልህና ጨረታ ሱቅ አይደለም። በሱቅ ያነሳኸውን ዕቃ መልሰህ ታስቀምጣለህ፤ በጨረታ ግን መዶሻው ከወረደ ገዢም ሻጭም ታስረዋል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል ነበር፤ ዘንድሮ ደግሞ ከጣት የወጣ ሆኗል። ትልቁን የኢንተርኔት ጨረታ ገበያ ኢቤይን ውሰድ፦ ጨረታው ሊዘጋ ከ12 ሰዓት ያነሰ ሲቀረው ያቀረብከውን ዋጋ መሳብ የምትችለው ባቀረብክ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብቻ ነው፤ ያውም ለምሳሌ ቁጥሩን ተሳስተህ ጽፈህ ከሆነ። ደንቡ የጠበቀው ወዶ አይደለም። አንዱ ዋጋ ሰቅሎ ሲጠፋ ከእርሱ በታች የነበረው ተጫራች ወደ ሌላ ዕቃ ይሄዳል፤ ሻጩም ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ ወጣቶች ቁልፉን ከመጫናችሁ በፊት ኪሳችሁን ዳብሱ።

ሌንስ ፈላጊ
አባቴ፣ እኔ ዋጋ ልስብ አልፈለግሁም። ልከፍል ነው የፈለግሁት።

ሳቂታ
ሌንሱ ቀድሞ ቢደርስህ ኖሮ ደንቡን አጉልተህ ታነብበት ነበር።

ሻጭ ነኝ
እኔ ከመነሻው አልስማማም። «ከፍዬ ሳለ» ትላለህ፤ አልከፈልክም። ገንዘቡ ሻጩ ዘንድ ደርሶ ቢሆን ሽያጩ በዚህ ምክንያት አይሰረዝም ነበር። ደግሞም ሻጩ በክፋት ያደረገው አይምሰልህ። ብዙዎቻችን ቀነ ገደቡ ሲያልፍ ያልተከፈለበትን ሽያጭ ሥርዓቱ ራሱ እንዲሰርዝ አድርገን እናስቀምጠዋለን። ኢቤይ ላይ ለምሳሌ ገዢ አራት ቀን አለው፤ በአምስተኛው ሻጭ መሰረዝ ይችላል። ሌሎች ገበያዎች ቀኑን በራሳቸው መንገድ ይቆጥራሉ፤ የአንተን አንብብ። በስንተኛው ቀን ነው የሞከርከው? ለሻጩስ ጻፍክለት?

የካርድ ሰው
በካርድ ክፍያ ሥራ ላይ ዓመታት አሳልፌአለሁና ስለ ገንዘቡ ልንገርህ። «ተነስቷል» ያልከው መያዣ ይመስለኛል። ካርድ ስትጠቀም ሥራው ሁለት እርምጃ ነው፦ መጀመሪያ ባንኩ «ገንዘቡ አለ» ብሎ ይይዘዋል፤ ቀጥሎ ተቀባዩ ይሰበስበዋል። ሁለተኛው ካልተፈጸመ ገንዘቡ ማንም ዘንድ አልሄደም፤ መያዣው ከጥቂት ቀናት በኋላ ይለቀቃል። በባንክህ መተግበሪያ ከሂሳቡ ጎን «በሂደት ላይ» ይላል?

ሌንስ ፈላጊ
አዎ፣ «በሂደት ላይ» ይላል። የሞከርኩት በሁለተኛው ቀን ነው፣ ሦስቱንም ጊዜ በአንድ ምሽት። ለሻጩማ ያኑ ዕለት እዚያው በገጹ መልእክት ጽፌለታለሁ፤ «ካርዱ እምቢ አለኝ፣ ጥቂት ታገሠኝ» ብዬ። «እሺ፣ ችግር የለም» ብሎኛል። ይህ ምን ይጠቅማል?

ሻጭ ነኝ
ምን ይጠቅማል?! ይህን ነበር መጀመሪያ መናገር የነበረብህ!

ሳቂታ
ዳኛው ፊት ምስክሩን ኪሱ ውስጥ ከትቶ «ፍረዱኝ» የሚል ሰው አያችሁ?

ጥገና
በሌላ ብራውዘር ሞክረሃል? የእኔ በዚያ ተስተካክሎልኛል።

የካርድ ሰው
ሌንስ ፈላጊ፣ መያዣው ካለ በመጀመሪያው ሙከራ ባንክህ እሺ ብሎ ነበር ማለት ነው። እንግዲያው የመለሰህ ተቀባዩ ወገን ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በገጹ የሞላኸው አድራሻ ባንኩ ከያዘው ጋር አለመግጠሙ ነው። ወደ ባንኩ ደውልና የሦስቱን ሙከራ መልስ ከነሰዓቱ በጽሑፍ ጠይቅ። ባንኩ እምቢ ሲል የሚሰጠው የቁጥር ኮድ አለ፦ 51 በቂ ገንዘብ የለም፣ 54 ካርዱ ጊዜው አልፏል፣ 05 ደግሞ ምክንያት ሳይሰጥ እምቢ ማለት ነው። ከሁሉ በፊት ግን አድራሻህን አረጋግጥ።

ሌንስ ፈላጊ
ቤት ከቀየርኩ ዓመት ሆኖኛል። ባንኩ ዘንድ ያለው የድሮው ነው። ወይኔ!

ሁለት ጊዜ የተቀጣሁ
ይግባኝ ስለመጻፍ ከእኔ ተማር። በመጀመሪያው ቁጣዬን አንድ ገጽ ሙሉ ዘረገፍኩ፤ ተሸነፍኩ። በሁለተኛው በአራት መስመር ጻፍኩ፤ ተነሳልኝ። የሚያነበው ሰው ብዙ ፋይል ከፊቱ ተደርድሮ ነው። ሻጩን አትክሰስ፣ ስለ ሕግ አትከራከር። «ከፍያለሁ» አትበል፣ ሐሰት ሆኖ ይገኝብሃል። እንዲህ በል፦

«ጨረታውን ባሸነፍኩ በሁለተኛው ቀን ለመክፈል ሦስት ጊዜ ሞክሬአለሁ፤ የባንኬ ማስረጃ ተያይዟል። ክፍያው ያልተፈጸመው በባንኬ ያለው አድራሻ የቀድሞው ስለነበረ ነው። በዚያው ቀን ለሻጩ በመልእክት አሳውቄ እንደሚታገሠኝ መልሶልኛል፤ ስክሪንሾቱ ተያይዟል። ጥፋቱ ከመዝገቤ እንዲነሳልኝ እጠይቃለሁ።»

በቃ። ስክሪንሾቱ ላይ ቀኑና የዕቃው ቁጥር ይታይ። «ነገ ይዘጋል» የሚለውም በየትኛው የሰዓት ቀጠና እንደሆነ እይ፤ የእኔ አንድ ጊዜ ከቀትር በፊት ተዘግቶብኝ ነበር። እስኪወሰን ድረስ ሌላ አካውንት ከፍተህ አትጫረት፤ ከደረሱበት ሁለቱንም ሊዘጉ ይችላሉ።

ሻጭ ነኝ
እኔም ልጨምር። ሻጩን በጨዋነት «ይግባኝ እያልኩ ነው፣ የተስማማነውን ብታረጋግጥልኝ» በለው። ሌንሱ ካልተሸጠ እንደገና ሊያቀርብልህም ይችላል። «ከገጹ ውጭ በቀጥታ ላክልኝና እንጨርስ» ካለህ ግን ሽሽ፤ የገጹ ጥበቃ ከገጹ ውጭ አይከተልህም። ደግሞ አንዷ ጥፋት ብቻዋን ብዙ አትጎዳም። ኢቤይ ላይ በ12 ወራት ሁለት ጊዜ ሳይከፍል የቀረን ገዢ እኛ ሻጮች ማገድ እንችላለን፤ የሚያስፈራው ሁለተኛዋ ናት።

አንጋፋው
እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር።

ሁለት ጊዜ የተቀጣሁ
አላሉም ጋሼ።

ሌንስ ፈላጊ
ባንኩ መልሱን በኢሜይል ላከልኝ። የመጀመሪያው ሙከራ ጸድቋል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን 51 ይላሉ። ገንዘብ እንደነበረኝ እምላለሁ!

የካርድ ሰው
ነበረህ። የመጀመሪያው መያዣ ያዘውና ለተከታዮቹ የተረፈ ጠፋ። በይግባኙ ላይ ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ጨምር፤ አለበለዚያ 51ን ያየ ሰው ሳይኖርህ የተጫረትክ ይመስለዋል። መያዣው እስኪለቀቅ ድረስም በዚያ ካርድ አትሞክር።

ሌንስ ፈላጊ
ጨመርኩ። ልልከው ነው። ሰዓቱን አይቼ፣ አምስት ሰዓት ቀርቶኛል።

ሳቂታ
ከተነሳልህ የመጀመሪያውን ፎቶ እዚህ ለጥፍልን።

ጥገና
ኩኪዎቹን ግን አጠፋሃቸው?