ቀብድ ተቀብዬ ጀልባዋ ታሰረች፤ እጥፍ ልክፈል?

ባለ ጀልባው (ሰኔ 2012)

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ነኝ። ጣና ላይ ሰው አመላልሳለሁ። ጀልባዋ ግማሿ የኔ፣ ግማሿ የአማቼ ናት።

የካቲት ላይ ከአዲስ አበባ አንድ የጽዋ ማኅበር ደወለልኝ። በፋሲካ ሰሞን ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሊሳለሙ ነው። 22 ሰው ናቸው። 12,000 ብር ቀብድ ላኩልኝ። «ቀብድ» ብዬ ደረሰኝ የጻፍኩላቸውም እኔው ነኝ፤ ምን አውቄ!

መጋቢት 4 ኮሮና አገራችን ገባ ተባለ። መጋቢት 22 ከተማችን ለ14 ቀን ተዘጋች፤ ባጃጅ እንኳ ቆመ። መጋቢት 30 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሚያዝያ 11 ፋሲካ ሲሆን እኔ ወደቡ ላይ ጎንበስ ብዬ፣ ታስራ የሰነበተችው ጀልባ ውስጥ የገባውን ውኃ በጣሳ እየቀዳሁ እደፋ ነበር።

አሁን የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ደውላ «ቀብድ ተቀብሎ ያፈረሰ እጥፍ ይከፍላል፤ 24,000 አምጣ» አለችኝ። ገንዘቡ ደግሞ የለም። ሞተር አሠርቼበታለሁ።

ጣጣዬ በዚህ አላበቃም። አከራዬ ከሐምሌ ጀምሮ 500 ብር ጨምር ብለውኛል። ሦስት ዓመት አብሮኝ የሠራው ረዳቴም በየቀኑ «አሰናብተኸኛል ወይስ አላሰናበትከኝም?» ይለኛል። ምን ልበለው? የጠበቃ ብር የለኝም። የምታውቁ ንገሩኝ።

ቆሮሶ በላዩ

ወንድሜ፣ አምስት ሳንቲም እንዳትከፍል! ኮሮና ከአቅም በላይ ነው። አለቀ።

ጥቁር ካባ

አላለቀም። ግንቦት ላይ የሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤውን ክርክር በቴሌቪዥን ያየ ሁሉ የሕግ ባለሙያ ሆኖ ቀርቷል። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር ጥብቅና ላይ ነኝ። ሰሞኑን ከሦስት ባለጉዳይ ሁለቱ «ከአቅም በላይ» እያሉ ነው የሚመጡት።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የ1952 ነው። ቁጥር 1792 ላይ ሁለት ነገር ይጠይቅሃል። ነገሩ አስቀድሞ የማይገመት መሆን አለበት። ደግሞም ውሉን እንዳትፈጽም ጨርሶ የከለከለህ መሆን አለበት። ሥራ ቀዘቀዘ፣ ከሰርኩ፣ እንግዳ ጠፋ ማለት አይበቃም። ግዴታህ ስለከበደህ ብቻ ነፃ አትወጣም። ቁጥር 1793 በምሳሌነት ከሚዘረዝራቸው አንዱ ግን የመንግሥት ክልከላ ነው። አንተ የምትይዘው እሱን ነው።

እዚህ ጋ ተጠንቀቅ። «ከተማው ተዘግቶ ነበር» ብትል የዚያኛው ወገን ጠበቃ ቀን ቆጥሮ ያሳፍርሃል። 14ቱ ቀን ከፋሲካ በፊት አልቋል። የምትጠቅሰው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ማስፈጸሚያ ደንብ ቁጥር 466/2012ን ነው። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ከልክሏል። 22 ምዕመን በአንድ ጀልባ ጭነህ ዘጌ ልትወርድ አትችልም ነበር። ቀብዱን በየካቲት መቀበልህም በጀህ። ከመጋቢት 4 በኋላ ቢሆን ኖሮ «እያወቀ ነው የተቀበለው» ይሉህ ነበር።

እጥፍ የሚለው ቁጥር 1885 ነው። ሴትዮዋ አልተሳሳተችም፣ ሕጉ አለ። ግን እሱ በገዛ ፈቃዱ ውሉን ለሚተው ሰው ነው። እዚህ ውሉን የተወ የለም፤ እነሱም አንተም ተከልክላችሁ ነው የቀራችሁት። እኔ ብሟገትልህ «እጥፍ የለም» ብዬ ነው የምቆመው። 12,000ው ግን የእነሱ ነው። ሞተር አሠራሁበት ማለት መልስ አይሆንህም።

የቤት ኪራዩን በተመለከተ ያው ደንብ አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ከልክሏል። መክፈሉ ግን አልቀረልህም። ደንቡን የጣሰ እስከ ሦስት ዓመት እስር ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር ቅጣት አለበት። ይህችን እንኳ ለአከራይህ አታንብብላቸው። አዋጁ የአምስት ወር ነው፤ አንተ ከዚያም በኋላ እዚያው ግቢ ውስጥ ነህ።

ለረዳትህ «ተሰናብተሃል» እንዳትለው። በዚህ ጊዜ ሠራተኛ ማሰናበት ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ባወጣው ፕሮቶኮል ካልሆነ ክልክል ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 «ማገድ» የሚባል ነገር አለ፤ ሳታሰናብተው ሥራውን ለጊዜው ማቆም ማለት ነው፤ ሥራህ ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀን ሲቆም የሚሠራ። እሱም በዘፈቀደ አይሆንም። ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮው በጽሑፍ አሳውቅ። በቃል «ቤትህ ቆይ» ያልከው እንደሁ ነገ ከሥራ አባረረኝ ብሎ ሲከስህ ምን ታሳያለህ?

የማኅበር ገንዘብ ያዥ

ያንተዋ አይደለሁም፤ ግን እኔም አዲስ አበባ የማኅበር ገንዘብ ያዥ ነኝ። እኛም ለሚያዝያ ሠርግ ለአዳራሽ ቀብድ ሰጥተን ቀርቶብን ነበር። እኔም እንደሷ እጥፍ ብዬ ደንፍቻለሁ! ለምን መሰለህ? ማኅበርተኛው ሁሉ ያፈጠጠው እኔ ላይ ነበር፤ ገንዘቡን የበላሁት ነበር የመሰለኝ። ባለ አዳራሹ ስልክ አላነሳም። ቢያነሳና «የለኝም፣ በዚህ ቀን እሰጣችኋለሁ» ቢለኝ አልከርም ነበር። ስለዚህ አንተ ስልክህን አንሳ። ከቻልክ ደግሞ የተወሰነውን ቀድመህ ላክ።

ቆሮሶ በላዩ

እሺ ጠበቃው፣ ተሸንፌያለሁ። ግን አራት አራት አድርጎ ቢያመላልሳቸውስ?

ጥቁር ካባ

ስድስት ምልልስ ነው። ቤንዚኑን አንተ ቻለው።

ባለ ጀልባው (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

እግዜር ይስጥልኝ። ልንገራችሁ።

አከራዬን ስለ ቅጣቱ ትንፍሽ አላልኩም። «እትዬ፣ ጀልባዋ እስክትፈታ ታገሡኝ» አልኳቸው። «እስከ መስቀል» አሉኝ። ለረዳቴ እገዳውን በወረቀት አድርጌ ለቢሮው አስገባሁ። ደስ አላለውም፤ እንጀራ አይሆነውማ። ቀን ቀን ከአንድ አሣ አጥማጅ ጋር መረብ እየጎተተ ነው።

ለገንዘብ ያዧም ደወልኩላት። መጀመሪያ ጮኸች። የደንቡን ቁጥር ስነግራት ዝም አለች፤ «ቆይ ልጻፈው» አለችኝ። ከአማቼ ተበድሬ 6,000 ላክሁ። ቀሪው፣ መንገድና ጀልባ ሲፈቀድ ሲመጡ ከዋጋው ላይ ይታሰብላቸዋል። ይህንን በጽሑፍ አድርገን ሁለታችንም ፈርመናል። «ቅድመ ክፍያ» ብዬ ነው የጻፍኩት። ቀብድ የምትለዋን ቃል በሁለት ገጽ ውስጥ ፈልጋችሁ አታገኟትም።