ለአሜሪካ ኮሌጅ አትሌቶች የተፈቀደው ነጻ ዝውውር ለልጆቻችን ይበጃል?

የሱሉልታ አሰልጣኝ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። በሱሉልታ ሜዳ ላይ ወጣት የረጅም ርቀት ሯጮችን አሠለጥናለሁ። ከሠልጣኞቼ አንዷ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሰች በሩጫዋ ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝታ ወደ አሜሪካ ሄዳለች፤ አሁን ሁለተኛ ዓመቷን እያገባደደች ነው። የመለመላት አሰልጣኝ ኮሌጁን ለቆ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ በመሄዱ እሷም መዛወር እንደምትፈልግ ገልጻ ምክር ጠይቃኛለች።

ጉዳዩን ከልምምድ በኋላ ከባልደረቦቼ ጋር ስንነጋገርበት ሐሳባችን ለሁለት ተከፈለ። ገሚሶቹ፣ የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ብሔራዊ ማኅበር ኤንሲኤኤ፣ የተዛወረ አትሌት አንድ ዓመት ሳይወዳደር እንዲቆይ የሚያስገድደውን የቀድሞ ደንብ መመለስ አለበት ይላሉ፤ ያለዚያ ልጆች ትምህርታቸውን ችላ ብለው ከኮሌጅ ኮሌጅ ሲዞሩ ዕድሜያቸው ያልቃል የሚል ስጋት አላቸው። ሌሎቹ ደግሞ አሰልጣኙ በፈለገው ቀን ለቆ ሲሄድ የማይቀጣ ከሆነ ተማሪዋ የምትቀጣበት ምክንያት የለም ባዮች ናቸው። እኔ ወደ ሁለተኛው ሐሳብ አደላለሁ፤ ነገር ግን የተያዘው የአንዲት ልጅ የወደፊት ሕይወት ስለሆነ በስሜት ተነሳስቼ መምከር አልፈልግም። ደንቡ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ፣ በተለይም ለሯጮች ምን ትርጉም እንዳለው የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

የቀድሞ ሯጭ፣ ለገጣፎ

አሰልጣኝ፣ እኔ በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ ነኝ ማለት አልችልም፤ ለመዛወር የኮሌጅ ፈቃድ ያስፈልግ በነበረበት ዘመን እዚያ ሮጫለሁና። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ፣ አንድ ዓመት የማስቀመጡ ደንብ ሁሉንም ስፖርት እኩል የሚይዝ አልነበረም። በአንደኛው ዲቪዚዮን፣ ማለትም በኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛ እርከን፣ በጥብቅ ይሠራ የነበረው በአምስት ስፖርቶች ላይ ሲሆን እነሱም የአሜሪካ እግር ኳስ፣ ቤዝቦል፣ የወንዶችና የሴቶች ቅርጫት ኳስ እንዲሁም የወንዶች የበረዶ ሆኪ ናቸው። ሯጭ ግን የሚለቀው ኮሌጅ ከተስማማ አንድ ጊዜ ተዛውሮ ወዲያውኑ መወዳደር ይችል ነበር። ጣጣው የሚመጣው ከዚሁ ከኮሌጁ ስምምነት ነው። ሌላ አሰልጣኝ አትሌቱን ለማነጋገር እንኳ የነበረበት ኮሌጅ በጽሑፍ መፍቀድ ነበረበት፤ ካልፈቀደ አዲሱ ኮሌጅ በመጀመሪያው ዓመት ስኮላርሺፕ ሊሰጠው አይችልም። በአገር ቤት ከክለባቸው መልቀቂያ ለማግኘት በየቢሮው ደጅ የጠኑ ሯጮች ነገሩን በሚገባ ያውቁታል። የእኔ ደብዳቤ ሳይፈረም ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ ክረምቱ አለፈ፣ ሊቀበለኝ የነበረው ኮሌጅ ቦታውን ለሌላ ሰጠ፣ እኔም በነበርኩበት ቀረሁ።

ይህን የለወጠው ኦክቶበር 15 ቀን 2018 የተከፈተው የዝውውር ፖርታል፣ ማለትም መዛወር የሚፈልጉ አትሌቶች ስም የሚመዘገብበት የኢንተርኔት መዝገብ፣ ነው። ከዚያ ወዲህ አትሌቱ ፈቃድ መጠየቁ ቀርቶ ውሳኔውን ያሳውቃል፤ ኮሌጁም በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ስሙን ፖርታሉ ውስጥ የማስገባት ግዴታ አለበት። በ2021 ደግሞ ከላይ የጠቀስኳቸው የአምስቱ ስፖርቶች አትሌቶችም አንድ ጊዜ ተዛውረው ሳይቀመጡ እንዲወዳደሩ ተፈቀደ። ለሁለተኛ ጊዜ የሚዛወር ግን ልዩ ፈቃድ ካላገኘ ዓመቱን ተቀምጦ ማሳለፍ ነበረበት። ኦሃዮን ጨምሮ ሰባት ግዛቶች ይህ የገበያ ውድድርን የሚገድብ ሕገ ወጥ አሠራር ነው ብለው ከሰሱ፤ በዌስት ቨርጂኒያ የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት ጆን ፕሬስተን ቤይሊም በዲሴምበር 2023 ደንቡን አገዱት። በጃንዋሪ 2024 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ከከሳሾቹ ጋር ተሰለፈ፣ በኤፕሪል ኤንሲኤኤ ራሱ ደንቡን ቀየረ፣ ከዚያም ክርክሩ በስምምነት ተዘጋ። በዚህ መሠረት ትምህርቱን በአግባቡ የያዘ አትሌት የፈለገውን ያህል ጊዜ ቢዛወር እንዲቀመጥ አይገደድም።

የባልደረቦችዎን ስጋት አከብራለሁ። ይሁን እንጂ አንድ አትሌት በኮሌጅ ያለው ዕድል በአምስት ዓመት ውስጥ አራት የውድድር ዘመን ብቻ ነበር። ከዚያ ላይ አንዱን ዓመት በመቀመጫ ላይ ማሳለፍ ለአንድ ሯጭ ምን ማለት እንደሆነ እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል።

አሰልጣኝ ከሰንዳፋ

ከለገጣፎ የጻፉት ወንድሜ ታሪኩን በሚገባ አስረድተዋል፤ የደረሰባቸውም በደል መሆኑን እቀበላለሁ። ነገር ግን የነጻነቱን ዋጋ የሚከፍለው ማን እንደሆነ አልነገሩንም። እኔ እንደማየው የሚከፍሉት ገና ከዚህ ያልወጡት ልጆች ናቸው።

ምክንያቴን ላብራራ። እስከ 2025 ድረስ አንድ የአንደኛ ዲቪዚዮን ኮሌጅ ለወንዶች አትሌቲክስና አገር አቋራጭ በድምሩ መስጠት የሚችለው 12.6 ሙሉ ስኮላርሺፕ፣ ለሴቶች ደግሞ 18 ነበር፤ አሰልጣኙም ይህን ለሯጩ፣ ለዘላዩና ለወርዋሪው እየሸነሸነ ያከፋፍላል። በጁን 2025 የጸደቀው ሌላ የፍርድ ቤት ስምምነት ይህን ገደብ አንስቶ፣ ስምምነቱን በተቀበሉ ኮሌጆች ውስጥ በቡድኑ አባላት ብዛት ላይ ጣሪያ አበጀ፤ ለአትሌቲክስ 45፣ ለአገር አቋራጭ 17 ሰው። ቦታው የተቆጠረ ነው ማለት ነው። አሁን አንድ መልማይ በጠረጴዛው ላይ ሁለት ስሞች አሉ እንበል። አንዱ የሃያ ሦስት ዓመት ሯጭ ነው፤ በኮሌጅ ውድድሮች የተመዘገበ ሰዓት፣ የታወቀ የትምህርት ውጤትና ያለቀለት ቪዛ አለው። ሌላዋ የሰንዳፋ ልጅ ናት፤ ሰዓቷ በአፈር መም ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በእጅ ሰዓት የተያዘ ነው። ኤንሲኤኤ ለራሱ ውድድሮች የከፍታ ማስተካከያ ያደርጋል፤ እኔ በደብተር ጽፌ በስልክ ፎቶ አንስቼ የምልከውን ሰዓት ግን ማንም አያስተካክልልኝም። መልማዩ የመጀመሪያውን ቢመርጥ አልፈርድበትም፤ ስህተቱ ያለው ያን ምርጫ ዓመት በዓመት ያለገደብ እንዲቀርብለት ባደረገው ሥርዓት ላይ ነው።

ገንዘቡም ቢሆን የእኛዎቹን የሚያገኛቸው አይመስለኝም። ከጁላይ 2021 ጀምሮ አትሌቶች ከስማቸውና ከምስላቸው ገቢ እንዲያገኙ ቢፈቀድም፣ በኤፍ-1 (የውጭ ተማሪዎች) ቪዛ ያለ ተማሪ ከግቢ ውጭ እንዳይሠራ ስለሚከለከል አብዛኛው የማስታወቂያ ስምምነት ለእሱ የተዘጋ በር ነው። ስለዚህ እኔ የምደግፈው መካከለኛውን መንገድ ነው፤ አንዱ ዝውውር ያለ ምንም ቅጣት ይፈቀድ፣ ሁለተኛው ግን አንድ ዓመት ያስቀምጥ።

የትምህርት አማካሪ፣ ሰበታ

በመርሁ ላይ የተባለው በቂ ነው፤ ልጅቷን በቀጥታ የሚነካው ጉዳይ ግን እስካሁን አልተነሳም። ብዙዎች “ነጻ ዝውውር” የሚለውን ሰምተው በትምህርት በኩል ያለውን ቅድመ ሁኔታ ይዘነጉታል።

በአንደኛው ዲቪዚዮን አንድ አትሌት ሦስተኛ ዓመቱን ሲጀምር ከሚማርበት ዲግሪ 40 በመቶውን፣ አራተኛውን ሲጀምር 60 በመቶውን፣ አምስተኛውን ሲጀምር 80 በመቶውን ማጠናቀቅ ይጠበቅበታል። ስሌቱ የሚሠራው አዲሱ ኮሌጅ በሚቀበለው ክሬዲትና በአዲሱ የትምህርት ዘርፍ ላይ ነው። ለምሳሌ ዲግሪው 120 ክሬዲት ቢሆን ልጅቷ ሦስተኛ ዓመት ስትገባ 48 ያስፈልጋታል። ጎበዝ ተማሪ ሆና 60 ክሬዲት ብትጨርስና አዲሱ ኮሌጅ ከዚያ ውስጥ ለዘርፉ የሚቆጥርላት 42 ብቻ ቢሆን፣ ውጤቷ ሁሉ ኤ ቢሆንም መወዳደር አትችልም። የቀድሞው ደንብ ያስቀምጣት የነበረውን ያህል ጊዜ የሬጅስትራር ቢሮ ሊያስቀምጣት ይችላል ማለት ነው። በየኮሌጁ የሚሰጡ የመግቢያ ኮርሶች ብዙውን ጊዜ በቀላሉ ይተላለፋሉ፤ የሚያስቸግሩት የዘርፉ ዋና ኮርሶች ናቸው።

ሁለተኛ፣ ስሟ ፖርታል ውስጥ ከገባ በኋላ የአሁኑ ኮሌጅ ስኮላርሺፗን በሴሚስተሩ መጨረሻ ሊያቋርጥ ይችላል፤ ሐሳቧን ብትቀይር መልሶ የመቀበል ግዴታ የለበትም። አንድ አሜሪካዊ ተማሪ እንዲህ ቢደርስበት ወደ ወላጆቹ ቤት ይመለሳል፤ የእኛ ልጅ ግን የቪዛ ሁኔታዋ በትምህርቷ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ለተማሪ ቪዛዋ መሠረት የሆነው፣ ኮሌጁ የሚሰጣት የአይ-20 ሰነድ፣ ከአንዱ ኮሌጅ ወደ ሌላው በሴቪስ (የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎች መከታተያ) ሥርዓት በጊዜው መተላለፍ ስላለበት፣ የአሁኑን ኮሌጅ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ አስቀድማ ማነጋገር ይኖርባታል።

ለሰንዳፋው አሰልጣኝ አንድ ነገር ልጨምር። ልጆቻችን ቦታ የሚያጡት በዝውውር ምክንያት ብቻ አይደለም። ለረጅም ጊዜ በሠራው ደንብ መሠረት አንድ ሯጭ ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሰ በኋላ ያለው የእፎይታ ጊዜ አንድ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ በተደራጀ ውድድር የተሳተፈበት እያንዳንዱ ዓመት አንድ የውድድር ዘመን ያስቀንሰዋል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ለክለብ ሁለትና ሦስት ዓመት የሮጠ ልጅ የኮሌጅ ዕድሉን ሳያውቀው እየበላው ነው። በእኔ እምነት በየሜዳው ለወላጅና ለሠልጣኝ ልንናገረው የሚገባው ቀዳሚ ነገር ይህ ነው።

የቀድሞ ሯጭ፣ ለገጣፎ

የሰበታው አማካሪ ያነሱት የክሬዲት ጉዳይ ትክክል ነው። ለሰንዳፋው ወንድሜ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። የተዛወረ አትሌት አንድ ዓመት ሲቀመጥ ከቡድኑ ጋር እየተለማመደ፣ ስኮላርሺፑንም እየወሰደ ነው፤ ከ45ቱ ቦታ አንዱን ይዟል። ታዲያ የእሱ መቀመጥ ለእርስዎ ሠልጣኝ ቦታ የሚከፍትላት እንዴት ነው?

አሰልጣኝ ከሰንዳፋ

በዚያው ዓመት ቦታ እንደማይከፍት እቀበላለሁ። ነገር ግን የተዛዋሪውን ፍላጎት ይቀንሳል። ዓመቱን በሙሉ እንደማይወዳደርለት የሚያውቅ መልማይ ለተዛዋሪ ከመሽቀዳደም ይልቅ አራት ዓመት አብራው የምትቆየውን ጀማሪ ማየት ይጀምራል። በዚህ ላይ ሐሳቤን አልቀየርኩም። በልጅቷ ጉዳይ ግን ከእናንተ ጋር ነኝ፤ የመጀመሪያ ዝውውሯ ስለሆነ በእኔ ሐሳብም ቢሆን መቀጣት የለባትም።

የሱሉልታ አሰልጣኝ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለሰንዳፋው ባልደረባዬ፣ የደብተሩ ነገር የእኔም ችግር ነው። ነገር ግን ለዚያ መፍትሔው ልጆቻችንን የኤሌክትሮኒክስ ሰዓት ባለበት መም ላይ ማሯሯጥና ውጤታቸውን በወቅቱ ማስመዝገብ እንጂ፣ ባሕር ማዶ ያለችውን ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ ብትዛወር መቅጣት አይመስለኝም። አሰልጣኟ ነገ እንደገና ቢለቅስ?

የሰበታው አማካሪ እንዳሉት ዛሬ ጠዋት ደውዬላት ስሟን ፖርታል ውስጥ ከማስገባቷ በፊት የትምህርት አማካሪዋን እንድታነጋግርና የትኞቹ ኮርሶች ለዘርፉ እንደሚቆጠሩ ለይታ እንድታውቅ ነግሬያታለሁ። ትራንስክሪፕቷን ልካልኛለች። የምትማረው የነርስነት ትምህርት ሲሆን አሰልጣኟ የሄደበት ዩኒቨርሲቲ ይህ ዘርፍ የለውም፤ በሕዝብ ጤና ሊቀበላት እንደሚችል ተነግሯታል። የዝውውሩ ደንብ ቢፈቅድላትም ከነርስነቷና ከአሰልጣኟ አንዱን መምረጥ ሊኖርባት ነው፤ ይህንንም ከእናቷ ጋር እንድትመክርበት ነግሬያት እሑድ ሦስታችን በስልክ ለመነጋገር ቀጠሮ ይዘናል። ከነርስነት ወደ ሕዝብ ጤና ሲዛወሩ የትኞቹ ኮርሶች እንደሚወድቁ የምታውቁ ካላችሁ ከእሑድ በፊት ብትጽፉልኝ።