ኪሞውም ጨረሩም አልቆ የ5 ዓመት ክኒን፤ ልጀምር ወይስ ይቅርብኝ?

የማርቆሷ፦
ሰላም እህቶቼ። ዕድሜዬ 44 ነው፣ ደብረ ማርቆስ ነኝ። በካንሰር ጡቴ ተቆርጦ፣ ኪሞ ወስጄ፣ ጨረሩንም አዲስ አበባ ከጨረስኩ ገና ሁለት ወሬ ነው። ከኪሞ ስመለስ የዓባይን በረሃ ፌስታል ይዤ ስንቴ እንደወረድኩ እኔና ሾፌሮቹ ነን የምናውቀው። ተመስገን አለቀ ብዬ ቤቴ ልገባ ስል ሐኪሙ የሆርሞን ሕክምና ነው፣ ታሞክሲፌን የሚባል ክኒን 20 ሚሊግራም፣ በቀን አንድ፣ ለ5 ዓመት ብሎ ጻፈልኝ። ገዝቼዋለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቡፌው ላይ ከስኳሩ ዕቃ ጎን ቁጭ ብሎ ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ።

ጎረቤቶቼ ቡና ላይ ሆርሞን ከሆነ ያወፍርሻል፣ ጢም ያበቅልሻል ይሉኛል። እናቴ ወጥቷል ካሉሽ ሌላ መርዝ ለምን ትላለች። ባለቤቴ ሐኪሙ ያለሽን አድርጊ ብሎ ዝም። ጸበል ጀምሬያለሁ፣ ጾሙም አለ። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። አሁን አያመኝም። ሳያመኝ በየቀኑ "ታመሽ ነበር" የሚለኝን ነገር መዋጥ ነው የከበደኝ። የወሰዳችሁ ካላችሁ ምን ሆናችሁ?

እናት ከፍኖተ ሰላም፦
እንኳን ለዚህ አበቃሽ እህቴ። እኔ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አልወፈርኩም። ጢም ቢበቅልልኝማ ለባሌ በሰጠሁት፣ እሱ አላበቀለም። እኔን ያስቸገረኝ ሙቀቱ ነው። እንጀራ ስጋግር አክንባሎውን ከፍቼ እንፋሎቱ ፊቴን ሲመታኝ ከውስጥ ደግሞ የራሴ እሳት ይነሳና ምጣዱን ትቼ ደጅ እወጣለሁ፣ ስመለስ እንጀራው አሯል። ልጆቼ "እማዬ ነደደች" ይላሉ። አሁን ገና ብርዱ ሳይለቅ በጠዋት ነው የምጋግረው። ሌሊትም ጋቢውን ስወረውርና ስጎትት ነበር የማድረው፣ ከመጀመሪያው ዓመት ወዲህ ቀለል ብሎልኛል።

ጾሙ አያስጨንቅሽ፣ በቀን አንዴ ስለሆነ ማታ ከራት በኋላ እውጠዋለሁ። የነፍስ አባቴን ስጠይቃቸው "ጸበሉን ጠጪ፣ መድኃኒትሽንም ዋጪ፣ ማን አጣላቸው?" ነው ያሉኝ።

ተስፋ በእርሱ፦
እህቴ ጸበሉን በእምነት ያዥው። ክኒኑ ይቅርብሽ።

ፋርማሲስት ነኝ፣ ባሕር ዳር፦
"ይቅርብሽ" ማለት ቀላል ነው ወንድሜ፣ ከተመለሰ የምትታመመው እሷ ናት።

እህቴ፣ ስሙ ነው ያሳሳተሽ። የሆርሞን ሕክምና ይባል እንጂ ሆርሞን አይጨምርም፣ ይከለክላል። ከተቆረጠው ሥጋ የተሠራውን የምርመራ ወረቀት አውጥተሽ እዪ። ኢአር ፖዘቲቭ የሚል ከሆነ ካንሰርሽ ኤስትሮጅን በሚባለው የሴት ሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ነው፣ ታሞክሲፌን ደግሞ ኤስትሮጅኑ የሚገባበትን በር ቀድሞ ይዞ ይቀመጣል። ኔጌቲቭ ከሆነ አይጠቅምሽም። ስለዚህ ወረቀቱን ሳያይ ውሰጂም ተዪም የሚልሽን አትስሚ፣ እኔንም ጨምሮ።

ፖዘቲቭ ከሆነ፣ በሚወሰድባቸው 5 ዓመታት የመመለስ እድሉን ወደ ግማሽ ይቀንሰዋል፣ ካቆምሽም በኋላ ጥበቃው ለዓመታት ይቀጥላል። ግን የምን ግማሽ? መጀመሪያውኑ እድሉ ትንሽ ከነበረ ጥቅሙም ያንሳል። ብብትሽ ሥር ያሉት ዕጢዎች በካንሰሩ ተነክተው ከነበረ ይበዛል። ሐኪሙን "ለእኔ ስንት ነው?" ብለሽ ጠይቂው።

ጉዳቱንም አልደብቅሽም። ብዙ ጊዜ ባይሆንም ደም ያረጋል፣ ካረጡ በኋላ በሚወስዱት ላይ ደግሞ አልፎ አልፎ የማኅፀን ግድግዳ ካንሰር ያመጣል። አንድ እግርሽ ብቻ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ያልተለመደ ደም ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። እየወሰድሽ ማርገዝ የለብሽም። በኪሞ የወር አበባ መቅረቱ መከላከያ አይደለም፣ መርፌውና የሚዋጠው መከላከያም ለአንቺ አይሆኑም። ለጭንቀት ፍሉኦክሴቲን ወይም ፓሮክሴቲን ከታዘዘልሽም ታሞክሲፌን እንደምትወስጂ ተናገሪ፣ ኃይሉን ይቀንሱበታል።

ከቡሬ፦
እኔ ስላረጥኩ ሌትሮዞል የሚባል ሌላ ኤስትሮጅንን የሚቀንስ ክኒን ነበር የተሰጠኝ። ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ ብለው ጀበና ማንሳት አቃተኝ። ለማንም ሳልናገር 4 ወር ተውኩት። በኋላ ሐኪሟ ጋ እየፈራሁ ስሄድ አልተቆጣችኝም፣ ወደ ታሞክሲፌን ቀየረችልኝ። ከተውሽ ተናግረሽ ተዪ፣ ሌላ ምንም አልልሽም።

የማርቆሷ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ወረቀቱን ከልጄ የክትባት ካርድ ጋር አገኘሁት። ፖዘቲቭ ይላል፣ ዕጢም 2 ተነክቷል። ከወለድኩ ጀምሮ የእግሬ ደም ሥር ይነፋብኛል፣ ሰኞ ለሐኪሙ ደውዬ እሱን ሳልጠይቅ አልጀምርም። እሺ ካለኝ ግን በዚያው ማታ ነው። ባለቤቴ የማርገዙን ነገር አንብቦ ሲስቅ አመሸ።

አሁን ቡፌው ላይ ሳይ ክኒኑ የለም። እናቴ ናት የደበቀችው፣ ጠይቄያት "የምን ክኒን?" አለችኝ። ጤፉ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም፣ እየፈለግኩ ነው።