ለእናቴ በሳምንት አንዴ ብቻ የሚወሰድ ሜቶትሬክሴት ታዘዘላት፤ የወሰዳችሁ ንገሩኝ

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ (አቶቴ)

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። የእጇ መገጣጠሚያዎች አብጠዋል፤ ጠዋት ስትነሳ ጣቶቿ አልታጠፍ ስለሚሏት ጀበናውን በሁለት እጇ ደግፋ ነው ቡና የምትቀዳው። ለዓመታት «ቁርጥማት ነው» እየተባለ ዲክሎፌናክ ስትውጥ፣ ሲብስባትም መርፌ ስትወጋ ኖረች። አሁን ሪፈራል ሆስፒታል ወስጃት ሩማቶይድ አርትራይተስ (የሰውነት መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያን የሚያጠቃበት በሽታ) ነው ተባለ። የታዘዘላት ሜቶትሬክሴት ባለ 2.5 ሚሊ ግራም ሦስት ፍሬ በሳምንት አንድ ቀን፣ ፎሊክ አሲድ፣ እና ጠዋት ጠዋት እብጠት የሚያበርደው ፕሬድኒሶሎን 5 ሚሊ ግራም ነው።

መድኃኒቱን የሸጠልን ልጅ «ይሄ እኮ የካንሰር ነው» አላት። ከዚያ ወዲህ ሜቶትሬክሴቱን አልነካም ብላለች። አሜሪካ ያለችው አክስቴ ደግሞ «በትንሽ መጠን የሚወሰድ ናልትሬክሶን አለ፣ ጉዳት የለውም፣ እልክላታለሁ» ትላለች። እማዬ ሕመሙ ሲጠናባት ማታ ትራማዶል ትወስዳለች። እባካችሁ፣ የወሰዳችሁ ምን አያችሁ?

መልስ፦ ከሐዋሳ፣ ታካሚ

ልጄ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ሜቶትሬክሴት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ቅዳሜ ማታ እራት ከበላሁ በኋላ እወስዳለሁ። እሑድ ሰውነቴ ይከብደኛል፣ ምግብም ያስጠላኛል፤ ሰኞ ደህና ነኝ። ፎሊክ አሲዱን ከጀመርኩ ወዲህ ማቅለሽለሹም የአፍ ቁስሉም በጣም ቀሎልኛል፤ እሱን እንዳትንቁት። ሐኪሜ የነገረኝ ሜቶትሬክሴቱን በምወስድበት ቀን እንዳልወስደው ነው።

አንድ ነገር አስረግጬ ልንገርሽ፤ ቶሎ አይሠራም። የመጀመሪያው ወር ምንም ለውጥ የለውም ማለት ይቻላል። ሦስተኛው ወር ላይ ነው ሊጥ ማቡካት የቻልኩት። እናትሽ በሁለት ሳምንት ተስፋ እንዳይቆርጡ።

መልስ፦ ከአዳማ፣ የፋርማሲ ባለሙያ

እህቴ፣ ልጁ ያለው ውሸት አይደለም፣ ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገራችሁ። ለአንዳንድ ካንሰሮች ይኸው መድኃኒት በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች በሚቆጠር ሚሊ ግራም በደም ሥር ይሰጣል። ለእናትሽ የታዘዘው በሳምንት 7.5 ሚሊ ግራም ነው። በዚህ መጠን የሚሠራው የሰውነት መከላከያ በገዛ መገጣጠሚያው ላይ ሲዘምት ማብረድ ነው። በአሜሪካ ለዚህ በሽታ የተፈቀደው በ1988 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ዛሬም በብዙ አገር መጀመሪያ የሚታዘዘው እሱ ነው።

የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። በሳምንት አንዴ የተባለውን በየቀኑ የሚወስዱ ሰዎች አሉ፤ ይህ መቅኔን ያደርቃል፣ ሕይወትም ይቀጥፋል። እባክሽ ማሸጊያው ላይ ቀኑን በትልቁ ጻፊበት፦ «ቅዳሜ ብቻ»። አንድ ሳምንት ቢረሳ በሚቀጥለው እጥፍ አይወሰድም።

ከመጀመራቸው በፊት የደም ሴል፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ መደረጉን፣ የጉበት ቫይረስና የሳንባ ነቀርሳም መታየቱን ጠይቂ። መጀመሪያ ላይ በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ፣ ሲረጋጋ በየሁለት ሦስት ወሩ ደማቸው ይታያል። አረቄና ጠጅ ይቅር፤ ጉበት ላይ ይደራረባል። ትኩሳት፣ የአፍ ቁስል፣ ደረቅ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ያለ ምክንያት መበለዝ ካዩ ቀጣዩን አይውሰዱ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ፕሬድኒሶሎኑንም ተሻለኝ ብለው በአንዴ እንዳያቆሙ፤ የሚቀነሰው በሐኪም ነው።

መልስ፦ ከአዳማ፣ ናልትሬክሶን የወሰደች

ስለ ናልትሬክሶኑ እኔ ልመልስ። ሕመሜ ፋይብሮማያልጂያ ነው፤ መላ ሰውነቴን ያመኛል፣ ምርመራው ግን ንጹህ ነው። መድኃኒቱ በ50 ሚሊ ግራም ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ለሚያገግሙ ሰዎች የወጣ ነው። ለሕመም የሚሞክሩት ግን ብዙ ጊዜ ከ1.5 እስከ 4.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በዚህ መጠን ተዘጋጅቶ ስለማይሸጥ ፋርማሲ ውስጥ መቀመም አለበት። እኔ በሐኪም ክትትል ወስጄዋለሁ። ሕልም አበዛብኝ፣ በኋላ ግን እንቅልፌም ሕመሜም ተሻለኝ። ለሁሉም ይሠራል ግን አልልም። ዴንማርክ ውስጥ እንደኔ ባሉ 99 ሴቶች ላይ በ6 ሚሊ ግራም ሲሞከር፣ ሕመምን በመቀነስ መድኃኒት ከሌለበት የማስመሰያ ክኒን ጎልቶ አልተሻለም።

ዋናው ነገር የእኔ በሽታ መገጣጠሚያ አይበላም፤ የእናትሽ ይበላል። ሕመሙ ቢቀልላቸው እንኳ አጥንቱ ውስጥ ውስጡን እየተጎዳ ሊሄድ ይችላል። የሜቶትሬክሴት ምትክ አድርገሽ አታስቢው።

መልስ፦ የፋርማሲ ባለሙያው

ትክክል ብላለች። በዚያ ላይ ትራማዶል ይወስዳሉ ብለሻል። ናልትሬክሶን ትራማዶል የሚሠራበትን በር ነው የሚዘጋው፤ ማስታገሻው ከንቱ ይሆናል፣ ትራማዶሉን የለመደ ሰውማ ላብና ቁርጠት፣ ትውከትም ይይዘዋል። አክስትሽ እንዳትልክ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የመጀመሪያውን መልስ አነበብኩላት፣ ሊጥ የምታቦካዋን ሴት ደጋግማ ጠየቀችኝ። የደም ምርመራውን አድርጋለች፣ የሳንባ ነቀርሳው ግን አልተነሣም፤ ሰኞ እጠይቃለሁ። ሌላ ደግሞ፣ ሽንቷን ሲያቃጥላት የምትወስደው ባክትሪም ቤት አለ። ችግር አለው?

መልስ፦ የፋርማሲ ባለሙያው

አለው፣ ትልቅ ችግር! ባክትሪምና ሜቶትሬክሴት አንድ ላይ መቅኔን ይጎዳሉ። ከቤት አውጪው። ሽንታቸውን ካቃጠላቸው ሜቶትሬክሴት እንደሚወስዱ ለሐኪሙ ተናግረው ሌላ ይታዘዝላቸው። ዲክሎፌናኩንም በራሳቸው እንዳይጨምሩ፣ ኩላሊት ላይ ስለሚጫን ሐኪሙ ይወስን።

መልስ፦ ከሐዋሳ፣ እናቱን የሚያስታምም

የእኔም እናት ሜቶትሬክሴት ትወስዳለች፤ ማንበብ ግን አትችልም። ስለዚህ ብልቃጡ እኔ ጋ ነው የሚቀመጠው፤ ቅዳሜ ማታ ሦስቱን ፍሬ ብቻ በእጇ እሰጣታለሁ፣ ሳልኖር እህቴ ትሰጣታለች። ጸበል መሄዷንም አልከለከልናት፤ ሐኪሟም ጸበሉ መድኃኒቷን አያስቋርጣት እንጂ ችግር የለውም ብሏል። ሰኞ ስትሄጂ ቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ፣ የባህል የሚባለውንም ጭምር፣ በፌስታል ይዘሽ ሄደሽ ሐኪሙ ፊት ዘርግፊው። የላብራቶሪ ወረቀቶቹንም በስልክሽ ፎቶ አንሺ፤ ካርድ ሲጠፋ ያ ነው የሚያድንሽ።