ለቤት መዋኛ ገንዳ ኤሌክትሪክ ቆጣቢ ፓምፕ፦ ትልቁን ወይስ ቀስ ብሎ የሚሠራውን?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። በግቢያችን ያለው መዋኛ ገንዳ 8 ሜትር ርዝመት፣ 4 ሜትር ስፋትና በአማካይ 1.5 ሜትር ጥልቀት ስላለው 48 ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። ፓምፑ ባለ አንድ ፍጥነት ሲሆን 1.1 ኪሎዋት ይወስዳል፤ በቀን ለ8 ሰዓታት ስለምናሠራው ፍጆታው 8.8 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። አሁን የሞተሩ ኩሽኔታ አልቆ መጮኽ ስለ ጀመረ መቀየሩ የማይቀር ሆኗል። አንድ ሻጭ 1.5 ኪሎዋት ፓምፕ ብወስድ ሥራውን ቶሎ ጨርሶ ስለሚያርፍ እንደሚቆጥብልኝ ነገረኝ፤ ሌላው ደግሞ ፍጥነቱ የሚስተካከል ፓምፕ ገዝቼ ቀኑን ሙሉ በቀስታ እንዳሠራው መከረኝ። ረጅም ሰዓት የሚሠራ ፓምፕ እንዴት ያነሰ ኤሌክትሪክ ሊበላ እንደሚችል ግልጽ አልሆነልኝም። የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ አንድ

ሁለተኛው ሻጭ የነገረዎት ትክክል ነው፤ ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው። የፓምፕ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የሚገፋው ውኃ በግማሽ ይቀንሳል፣ ግፊቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፣ የሚፈልገው ኃይል ግን ወደ አንድ ስምንተኛ ያሽቆለቁላል። ስለዚህ ያንኑ ያህል ውኃ ለማዞር እጥፍ ሰዓት ቢሠራ እንኳ የቀኑ ፍጆታ ሩብ ብቻ ይሆናል። በእርስዎ ቁጥር ሲሰላ 8.8 የነበረው ወደ 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ይወርዳል ማለት ነው። በተግባር ሞተሩ ሲዘገይ ብቃቱ በመጠኑ ስለሚቀንስና የፍጥነት መቆጣጠሪያው ራሱም ጥቂት ስለሚወስድ ቁጥሩ ከዚህ ከፍ ይላል፤ ቢሆንም ልዩነቱ ሰፊ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ስሌት በገንዳ ላይ በደንብ የሚሠራው ውኃው ከገንዳው ወጥቶ ተመልሶ ወደዚያው ስለሚገባ ነው። ከፍታ የሚወጣ ነገር ስለሌለ ፓምፑ የሚታገለው በቧንቧውና በማጣሪያው ውስጥ ካለው ሰበቃ ጋር ብቻ ነው። ውኃ ከጉድጓድ ወደ ሰገነት ታንከር የሚያወጣ ፓምፕን በዚህ መንገድ አዘገያለሁ ቢሉ ግን ውኃው ጨርሶ ላይወጣ ይችላል፤ ስለዚህ ከዚያ ዓይነት ፓምፕ ጋር ባያወዳድሩት እመክራለሁ።

አሁን ያለዎት ፓምፕ ራሱ ለገንዳው ከልክ በላይ ነው የሚል እምነት አለኝ። 1.1 ኪሎዋት የሚወስድ ፓምፕ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት ከ12 ሜትር ኩብ በላይ ስለሚያንቀሳቅስ፣ በ8 ሰዓታት ውስጥ የገንዳዎን ውኃ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያዞረዋል። ለቤት ገንዳ በቀን አንድ ሙሉ ዙር ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ውኃው ሲሞቅና ዋናተኛ ሲበዛ ብቻ ይጨመራል። 1.5 ኪሎዋቱን በምንም መንገድ አይግዙ።

መልስ ሁለት

ፍጥነቱ የሚስተካከል ፓምፕ ካስገባሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ በመጀመሪያው ሳምንት የሠራሁትን ስህተት እንዳይደግሙት ልንገርዎ። ይበልጥ ይቆጥባል ብዬ በደቂቃ 1,000 ዙር ላይ አስተካክዬው ሄድኩ። በማግሥቱ የስኪመሩ (ከውኃው ገጽ ላይ ቅጠልና ቆሻሻ ስቦ የሚያስገባው አፍ) በር ቀጥ ብሎ ቆሞ አገኘሁት፤ ቅጠሉ ወደ ውስጥ መሳብ ሲገባው ገንዳው መሐል ተንሳፍፎ እየሰጠመ ነበር። ጨው ወደ ክሎሪን የሚቀይረው መሣሪያም በውስጡ የሚያልፈው ውኃ ስላነሰው ቀይ መብራት አብርቶ ራሱን አጥፍቶ ነበር። ከዚያ ስኪመሩ አጠገብ ተቀምጬ ፍጥነቱን በ100 ዙር ከፍ እያደረግሁ በሩ ወደ ውስጥ ዘንበል እስኪልና ቀዩ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ጠበቅሁ። የእኔ ገንዳ የተስማማው 1,400 ላይ ነው፤ የእርስዎ ሌላ ሊሆን ስለሚችል በዚሁ መንገድ ይፈልጉት። የገንዳውን ወለል ስጠርግና የአሸዋ ማጣሪያውን ወደ ኋላ ሳጥብ (ውኃውን በተቃራኒ አቅጣጫ በማሳለፍ ሳጸዳው) ግን ወደ 2,600 ከፍ አደርገዋለሁ፤ በዝቅተኛ ፍጥነት አሸዋው ስለማይላቀቅ ቆሻሻው እዚያው ይቀራል።

ድምፁም በጣም ይቀንሳል። መኝታ ቤታችን ከፓምፑ ክፍል ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አልነበረም።

መልስ ሦስት

የቧንቧና የገንዳ ሥራ ባለሙያ ነኝ። ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ፓምፕ ከመምረጥዎ በፊት ማጣሪያውንና ቧንቧውን ይመልከቱ። ማጣሪያው ታጥቦ ንጹሕ ሲሆን ጌጁ የሚያሳየውን ግፊት መዝግበው ይያዙ፤ ከዚያ በላይ በግማሽ ባር ያህል ሲጨምር እንደገና መታጠብ አለበት ማለት ነው። የመሳቢያው ቧንቧ 50 ሚሊሜትር ከሆነ በሰዓት 12 ሜትር ኩብ ሲያልፍበት ውኃው በሰከንድ 2 ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ ይህ ለመሳቢያ መስመር የበዛ ነው። መስመሩን ለመቀየር ዕድል ካለዎት 63 ሚሊሜትር ቢያደርጉት ሰበቃው ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። ከፓምፑ አፍ አጠገብ ኤልቦ (መታጠፊያ) አይግጠሙ፤ ቀጥ ያለ ቧንቧ ይቅደም።

ሲገዙ የፈረስ ጉልበቱን ሳይሆን፣ እርስዎ በሚያሠሩት ፍጥነት በአንድ ዋት ሰዓት ስንት ሊትር እንደሚያንቀሳቅስ ይጠይቁ። የፍጥነት መቆጣጠሪያው ኤሌክትሮኒክስ ስለሆነ የቮልቴጅ መዋዠቅን፣ ፀሐይንና እርጥበትን አይወድም፤ ጥላና የቮልቴጅ መከላከያ ያስፈልገዋል። መስመሩ 30 ሚሊአምፔር ላይ የሚቆርጥ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ መከላከያ እንዲኖረው ያድርጉ፤ በዚህ ጉዳይ ፈጽሞ አልደራደርም። ገንዳውን በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚጠቀም ሰው ግን በልኩ የተመረጠ አነስተኛ ባለ አንድ ፍጥነት ፓምፕ ቢገዛ ላይጎዳ ይችላል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ጌጁን ሳየው 1.4 ባር ነበር፤ ማጣሪያውን ካጠብሁ በኋላ ወደ 0.8 ወርዷል፤ ለካ ፓምፑ ያለ በቂ ምክንያት ሲታገል ከርሟል። የመሳቢያው ቧንቧ 50 ሚሊሜትር መሆኑንም አረጋግጫለሁ። ገንዳውን ዓመቱን ሙሉ ስለምንጠቀምበት ፍጥነቱ የሚስተካከለውን እወስዳለሁ። በአሮጌው ፓምፕ የአንድ ሳምንት የቆጣሪ ንባብ እየመዘገብሁ ነው፤ አዲሱ ከተገጠመ በኋላም እንዲሁ አድርጌ ሁለቱን ቁጥሮች እዚህ አሰፍራለሁ።